ስሟ የተፋቀ

ሐዴራ፣ ከባቡር ጣቢያው ወዲህ፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ፣
ኖጋ ያያቷን ሞተር በጭነት መኪና ጭና ስትገባ፣
አንዲት የዶሮ ላባ
ከኮርቻው ሽቦ ገና አልተላቀቀች፤
ሞተሯ ሰማንያ ዓመት ዶሮ ቤት ከርማለች።

ብስክሌት መሰለችኝ፣ እውነቱን ልናገር፤
ፔዳል አላት፣ ሰንሰለት አላት፣ ጎድኗ የሚቆጠር።
ጎንበስ ብዬ ሳያት ግን፣ ከቧንቧዎቹ መሀል፣
ጭብጥ የምታህል ሲሊንደር፣ ጥላሸቷ እንደ ኩል፣
በቀኟ የቀበቶ መዘውር፣ ቀበቶው ግን የለ፣
በግራዋ ስሟ የነበረበት ናስ፣ ሁለት ፊደል ብቻ ያልተነቀለ።

ጋስቶን መነጽሩን አውልቆ ናሱን በጣቱ ዳበሰው፤
የቱኒስ ልጅ ነው፣ ፈረንሳይኛ ባየ ቁጥር ሆዱን የሚብሰው።
"ከመጀመሪያው ጦርነት ማግስት" አለኝ፣ "ፈረሱ ባለቀበት አገር፣
ወንዱ ባንድ እግሩ ሲመለስ፣ ጥይት ሠሪው ሥራ ፈትቶ ሲያድር፣
ለዳቦ ጋጋሪ፣ ለመምህር፣ ለገጠር ፖስተኛ
ርካሽ ነገር ሠሩ፤ መኪና ለማይደርሰው፣ እግሩ ለሰለቸው መንገደኛ።
ማርሽ የላትም፣ ፍሬኗም ለይስሙላ፤
ሀብታም ይስቅባታል፣ ድሃ ይገዛታል ዓመት ሙሉ ምሳውን ሳይበላ።
ዘይቱን ከቤንዚኑ አዋህደህ ታጠጣታለህ፣
ፔዳሏን ትረግጣለህ፣
ታስላለች፣
ታስላለች፣
ከዚያ ትሄዳለች።"

የኖጋ አያት ፌይጋ ዚክሮን ያዕቆብ ውስጥ አዋላጅ ነበረች።
ከወይን መጥመቂያው ጸሐፊ ላይ፣ በስድስት ወር ክፍያ፣ ገዛች።
"ፈረስ ቆሞ ሲውልም ገብስ ይበላል" አለች፣
"ይህቺ ግን ካልሄደች አትበላም።"
ቁልቁለቱን ሞተሯ ፌይጋን ትሸከማለች፤
ዳገቱን ፌይጋ ሞተሯን ትገፋለች፤
ሂሳቡ ይኸው ነው፤ ባለዕዳ የለም።

ሌሊት ምጥ በገባበት ቤት ባልየው ደጅ ወጥቶ
ከረግረጉ ማዶ ያን ሳል ይጠብቃል፣ ጆሮውን አቅንቶ።
ስንቱ ሕፃን ከናቱ እሹሩሩ በፊት የሰማው ያንን ሳል ነው!
አንዱንማ ስሙን "ሞተር" ሊሉት ነበር፤ አባቱ ነው የተቆጣው።

በኋላ ቢየላዋ ተሰበረ። ወደ ማርሴይ ደብዳቤ ተጻፈ።
መልስ ሳይመጣ ክረምቱ አለፈ፣
ሌላም ጦርነት መጣ፤ ፋብሪካው ይኑር ይዘጋ ማን ያውቃል።
ፌይጋ በእግሯ ሄደች።
ዶሮዎቹ ኮርቻው ላይ እንቁላል ጣሉ።

ለሙዚየም ሰው ደውለን ነበር፤
"ቢየላው የራሷ ካልሆነ ዋጋዋ ይወርዳል" አለን።
ዋጋዋ! ድሮስ መች ወጥቶ ያውቃል? ሳቅን።

ብረቱን እሳት ውስጥ ስከት ግን አባቴን አሰብኩ፣ አንጥረኛውን ታፈረን።
አርማጭሆ ላይ
ቀን ማረሻ ያሠሩታል በአንድ ቁና ገብስ፤
ማታ "ቡዳ ነው" ብለው ልጆቻቸውን ይሸሽጋሉ በልብስ።
እሱ ማረሻው ሥር፣ አፈር በሚበላው በኩል፣
ሦስት ነጥብ ይመታ ነበር።
"ማን ያየዋል?" ስለው
"አፈሩ" ይለኝ ነበር።

ቢየላውን ጨረስኩ። ሦስት ነጥብ መታሁበት፣
ከውስጥ፣ ዘይት በሚሸፍነው በኩል።
ጋስቶን ስሟን መልሰን እንቅረጽ አለ፤ አምስት ስም ጠራ፤
አምስቱም ሊሆን ይችላል። ተውነው።

ማክሰኞ ከሰዓት ኖጋ ፔዳሉን ረገጠች።
አሳለች።
አሳለች።
ሰማያዊ ጭስ ጎማ ቤቱን ዋጠው፣ ጋስቶን ባርኔጣውን አነሳ፣
ኖጋ እስከ መንገዱ ጫፍ፣ እስከ ባሕር ዛፎቹ ነጎደች፤
ከዚያ ድምፁ ቀጥ።

ቆየን።
ብቅ አለች፣ ላቧ በግንባሯ፣
ሞተሯን እየገፋች፣ እየሳቀች።

ደረሰኝ ስቆርጥላት "የተሽከርካሪው ስም" የሚለው መስመር ላይ
እስክሪብቶዬ ቆመ፤ ባዶውን ሰጠኋት።
ላባዋን ደግሞ ማታ፣ ቱታዬን ሳወልቅ፣
ኪሴ ውስጥ አገኘኋት።